የጉድጓድ ላብ

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት ሣጥን ሰጡኝ። ፊቷ መስታወት የሆነ፣ ውስጧ ቀይ ከፋይ የተነጠፈባት ሣጥን ናት። ከፋዩ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ ተጋድማለች። ርዝመቷ ከስንዝር ብዙም አያልፍ፤ ውፍረቷ ከእርሳስ ያንሳል። ከሥሯ በወርቅማ ቀለም ስሜን ጽፈው «የሆስፒታላችንን ዓይን ከጦርነት ላዳኑ» የሚል አስቀርጸውበታል። ሰው አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አንገቴን የደፋሁት በትሕትና መስሏቸዋል።

ያቺ ዘንግ የሕፃናትን የአፍንጫ ውስጥ የምታሳይ ነበረች። አሁን ዕውር ናት። ያሳወርኳትም እኔ ነኝ። ይህንኑ እዚያው መድረክ ላይ ተናግሬዋለሁ። «ልጆቼ፣ እኔ አላዳንኳትም፤ ያበላሸኋት እኔ ነኝ» ብዬ ነበር። አዳራሹ ሳቀ። አስተዳዳሪው ማይኩን ተቀበለኝና፣ «አያችሁ የወሎን ሰው! ሲያመሰግኑት እንኳ ያፍራል» አለ። ደግሞ ተጨበጨበ። ለካ ሽማግሌ ጥፋቱን ሲናገር የሚያምነው የለም። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ሣጥኗን ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠቻት። እዚያ ሆና በመጣ በሄደው ፊት ስታሳፍረኝ ስለከረመች ነው ይህንን መጻፍ የጀመርኩት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቀስ እያልኩ ነውና ቀስ ብለህ ተከተለኝ።

ይማም እባላለሁ። ትውልዴ ሀብሩ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ የማሽላ ገበሬ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት መርሳ ጤና ጣቢያ፣ በጥበቃ ነው። ከዚያ ውርጌሳ በጽዳት ሠራሁ። የውርጌሳው አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ችግሩ መጥረጊያ ሲጠየቅ «በጀት» ይላል፣ ሳሙና ሲጠየቅ «በጀት» ይላል፤ አንድ ቀን አንዷ ወላድ ምጥ ይዟት «ያ አላህ!» ብትል፣ እሱ ከቢሮው ሆኖ «በጀት የለም» አላት እያልን እንስቅበት ነበር። ደመወዙ እንደማንኛውም የጽዳት ደመወዝ ነው፤ አይወራም። ከውርጌሳ ወደ ወልዲያ ሆስፒታል ተዛወርኩ።

ወልዲያ በገባሁ በጥቂት ጊዜ ሲስተር ዘውዴ አየችኝ። ሲስተር ዘውዴ የኦፕሬሽን ክፍሉ ነርስ ነበረች፤ በዕድሜ ከኔ ትበልጣለች። ያየችኝ ሥራ ላይ አይደለም። ለዙሁር ሰላት ግቢው ቧንቧ ላይ ዉዱእ ሳደርግ ነው። በጣቶቼ መሀል እያሻሸሁ፣ አፍንጫዬን እያጠብኩ፣ ክርኔ ድረስ ቀስ ብዬ ስታጠብ ቆማ ታየኝ ኖሯል። ስጨርስ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትታጠበው?» አለችኝ።

«በቀን አምስት ጊዜ» አልኳት።

«እንግዲያው ፈጣሪህ ግማሹን አስተምሮልኛል፤ ሳሙናውን እኔ እጨምርበታለሁ» አለችና ኃላፊውን ጠይቃ ወሰደችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክሸኝ ድረስ ሥራዬ የኦፕሬሽን ዕቃ ማጠብና መቀቀል ሆነ።

ይህችን ሴት እንዴት እንደምገልጻት አላውቅም። ሥራ ስትጀምር የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ በመርፌ ቁልፍ ከደረቷ ላይ ትሰካዋለች፤ ስትጨርስ መጀመሪያ የምትነካው እሱን ነው። መቀስ ከመቀስ ጋር፣ መቆንጠጫ ከመቆንጠጫ ጋር ታሳጥበኛለች። ስትቆጣ አትጮኽም፤ የታጠበውን ዕቃ መልሳ ገንዳው ውስጥ ትከተውና ትሄዳለች። አንድ ጊዜ አንድ መቆንጠጫ ከጧት እስከ ምሳ መልሳልኛለች። ነገሩ ማጠፊያው ውስጥ የጠጉር ያህል ደም ደርቆ ነበር። ምን እንዳጠፋሁ አልነገረችኝም፤ እስካገኘው ጠበቀችኝ።

ዶክተር ብሩክ የመጣው በኋላ ነው። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነው፤ ወጣት፣ ረዥም፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል። ያቺን ዘንግ ይዟት የመጣ እሱ ነው። የተማረበት ቤት አስተማሪው አሮጌውን መሣሪያ መርቆ ሰጥቶት ኖሯል። ጫፏ ላይ መስታወት አለ፤ ከኋላዋ ካሜራ ይገጠምና ያየችውን በቴሌቪዥን ታሳያለች። በሕፃን አፍንጫ የምትገባ ቀጭን እሷ ብቻ ነበረች። የፈረንጅ ስም አላት፤ እኛ ግን «ዓይኗ» አልናት።

ሲስተር ዘውዴ ለዓይኗ ሕግ አወጣች። ከሌላ ብረት ጋር አትታጠብም። አትቀቀልም፤ በመድኃኒት ትነከራለች እንጂ። ስትደርቅ በጎዝ ጨርቅ ጫን ጫን ትደረጋለች እንጂ አትታሽም። «ይቺ ሦስት ነገር ይገድላታል» ትለኝ ነበር፤ «መውደቅ፣ መፍላት፣ እርጥበት ላይ ማደር።» ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ የመጨረሻው ፈተና አለ። ከኦፕሬሽን ክፍሉ መስኮት ማዶ አንድ ፀጉር ቤት ነበር። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ስሙ፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ከጧት እስከ ማታ ክፍት ነው» ይላል። ሲስተር ዘንጓን ወደ መስኮቱ ታነሣና በውስጧ አጮልቃ ታነባለች። ከዚያ ለኔ ትሰጠኛለች። «ታችኛው መስመር ካልተነበበ ሕፃን ዘንድ አትገባም» ነበር ሕጓ። እኔ ንባብ ይቸግረኝ ነበርና መጀመሪያ መጀመሪያ ፊደል እየቆጠርኩ አስቸግራታለሁ፤ ዶክተሩ ጓንቱን አጥልቆ እጁን አንሥቶ ይጠብቃል። «ጋሽ ይማም፣ ፀጉር ቤቱ ሳይዘጋ ይድረሱልን» ይለኛል።

የመጀመሪያው ልጅ ከሐራ የመጣ ወንድ ነው። ገና መወለዱ ነበር። ሲያለቅስ ይቀላል፤ ዝም ሲል ይጠቁራል። ሰው ሲያለቅስ ይከፋል፣ ሲረጋጋ ይሻለዋል፤ የዚህ ልጅ ግን ግልብጥ ነው። ዶክተሩ እንዳስረዳን፣ አራስ ልጅ በአፉ መተንፈስን ገና አያውቅም፤ አፍንጫው ነው መተንፈሻው። የዚህ ልጅ አፍንጫ ፊት ለፊት ሲያዩት ደህና ነው፤ ከውስጥ፣ ከወደ ጉሮሮው ግን ሲፈጠር በግድግዳ ተዘግቷል፤ በሁለቱም በኩል። ሲያለቅስ አፉ ስለሚከፈት ብቻ ነው የሚተርፈው።

ዶክተሩ የሻይ ማንኪያ አምጡ አለ። በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ጠረገና ከልጁ አፍንጫ ሥር ያዘው። የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ጤዛ ይሠራል። ማንኪያው ላይ ምንም አልታየም።

ዱሮ ቢሆን፣ አለ ዶክተሩ፣ የአፉን ጣሪያ ቀድደን ነበር የምንደርስበት። ልጁ ይድናል፤ ግን ላንቃው ጠባሳ ይይዛል፤ ሲያድግ መንጋጋው ይጠባል፣ ጥርሱ ይሳሳታል። በዓይኗ ከሆነ በአፍንጫው ቀዳዳ ገብተን እንወጣለን፤ አንድም ነገር ከውጭ አይቀደድም።

የኔ ፋንታ ፔርሙዙ ነበር። ዓይኗ ቀዝቅዛ ሰውነት ውስጥ ከገባች ይጋረድባታል፤ ስለዚህ ለብ ያለ ውኃ ይዤ እቆማለሁ፤ እሷን እነክራለሁ፣ ሲስተር ተቀብላ ጫን አድርጋ ታደርቃለች፣ ለዶክተሩ ትሰጣለች። ቴሌቪዥኑን ያኔ አየሁት። ቀይ ዋሻ ነው። ዋሻው መጨረሻ ላይ ነጣ ያለ ግድግዳ። ዶክተሩ በዓይኗ ጎን የገብስ ቅንጣት የምታህል መሣሪያ አስገብቶ ግድግዳውን ቀስ፣ ቀስ አደረገው። እጁ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ከዚያ ቀዳዳ ተከፈተና ከወዲያ ማዶ የጉሮሮው ጨለማ ታየ። ጨለማ እንዲህ ደስ ሲል አይቼ አላውቅም።

ልጁ በኋላ አፉን ገጥሞ ተኛ። ዶክተሩ ማንኪያውን ያዘለት። ሁለት ጤዛ፤ ምስር ምስር የሚያክሉ። ሲስተር ዘውዴ ቀለበቷን ነካችና፣ «ሁለት ደመና» አለች። ከዚያ ወዲያ እናት ውጭ ሆና ስትጠብቅ ወጥተን የምንላት ይኸው ሆነ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ልጆች መጡ። ስለነሱ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ጦርነቱ ወደኛ የመጣው ክረምት ላይ ነው። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከቀን ቀን ሲቀርብ ሆስፒታሉ የሚሄደውን ሸኘ፣ ቁስለኛውን ወደ ደሴ ጫነ። ዶክተር ብሩክም ከቁስለኞች ጋር እንዲሄድ ታዘዘ። ያን ጧት ዓይኗ መድኃኒት ውስጥ ነበረች። አምቡላንሱ እየተጠራ ዶክተሩ እኔ ዘንድ ሮጦ መጣ። «ጋሽ ይማም፣ ስትደርቅ ይዘዋት ይምጡ፤ ደሴ እንገናኛለን» አለኝ። እሺ አልኩት።

አድርቄ፣ ከነማኅደሯ በሽርጤ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ መርሳ ድረስ ደረስኩ። መርሳ የባለቤቴ ወንድም አሊ አለ። እዚያ ስደርስ ሰው የሚያወራው ስለ ኬላ ነው። መንገዱን የያዘው ሁሉ ይፈትሻል፤ ብረት የያዘ ሰው መልስ ካጣ አለቀለት ይላሉ። ሌሊቱን አሰብኩት። ጫፉ መስታወት የሆነ ዘንግ ይዤ፣ «ይሄ ምንድነው?» ቢሉኝ፣ «የሕፃን አፍንጫ ማያ ነው» ብል ማን ያምነኛል? ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

«ማሽላው ጉድጓድ ውስጥ ቅበራት» አለ አሊ።

በኛ አገር ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ግቢ ውስጥ እንደ እንስራ ሆዱ የሰፋ፣ አንገቱ የጠበበ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ እህሉ ይገለበጥበታል፤ አፉ በድንጋይ ተገጥሞ በጭቃና በአፈር ይደፈናል። ከላዩ ቢረገጥም አይታወቅም። እኔ ልጅ ሳለሁ የደረሰውን ክፉ ቀን ሁሉ ያለፍነው በጉድጓድ ነው። እኔም ከመንገድ ይልቅ ጉድጓድ አምናለሁ። ዓይኗን ከነማኅደሯ በፌስታል ላይ ፌስታል አድርጌ ጠቀለልኩ፤ አፉን በሻማ አሸግኩት፤ ገለባ በሞላ ትንሽ እንስራ ውስጥ ከትቼ ማሽላው ላይ አስቀመጥኩና ከአሊ ጋር ደፈንነው። ኮራሁ እንኳ። ወልዲያ ባለቤቴ አለች፤ ተመለስኩ። በማግሥቱ ከተማዋ ተያዘች።

የዚያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ አላወራውም። መብራት የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ባንክ የለም፣ ስልክ የለም። ሆስፒታሉ ተዘርፎ አልጋው እንኳ አልቀረም። ሲስተር ዘውዴ አልሸሸችም፤ ስኳር በሽታ ነበረባትና እግሯ አያራምዳትም። ቤቷ ሆና የመጣውን ታክማለች፤ እኔ ውኃ አፈላለሁ።

መዲና የምትባል ልጅ አራስ ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። ከወልዲያ አቅራቢያ ካለ ገጠር በእግሯ ነው የመጣችው፤ ባሏ የት እንደሄደ አይታወቅም። ሕፃኗ ሀያት ትባላለች። ስታለቅስ ትቀላለች፤ ዝም ስትል ትጠቁራለች። ሲስተርና እኔ ተያየን። ማንኪያ ነክሬ ሰጠኋት። ምንም ደመና የለም።

ሲስተር የጡጦ ጎማ ወስዳ ጫፉን ሰፋ አድርጋ ቆረጠችውና የሕፃኗ አፍ ውስጥ አድርጋ በጎዝ ቁራጭ ከጆሮዋ ኋላ አሰረችው፤ በሱ ትተነፍሳለች። ጡት መጥባት አትችልም፤ ጠብቶ መተንፈስ አይሆንላትም። እናቷ ወተቷን እያለበች በማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርግላታለች፤ አንድ ጉንጭ፣ ትንፋሽ፣ አንድ ጉንጭ፣ ትንፋሽ። አንድ ማጥባት እኩል ቀን ይፈጃል። በፈረቃ እንቀመጣለን። ጎማው ከወለቀ ልጅቱ አለቀች።

መዲና አንድ ቀን፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆን?» አለችኝ።

ስለ ዓይኗ ነገርኳት። ሳይቀደድ ሳይሰፋ እንዴት እንደሚከፈት፣ ከሐራ የመጣው ልጅ አፉን ገጥሞ እንዴት እንደተኛ ነገርኳት። «ዓይኗ በጄ ናት፣ ልጄ። ሐኪሙ ኢንሻአላህ ይመለሳል፤ አንቺ ብቻ ይቺን ልጅ አቆዪልን» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ያቺ ልጅ በዚህ ቃል ነው የኖረችው። ሲደክማት ሕፃኗን ስታባብል፣ «ዓይኗ አለችልሽ፤ ጋሽ ይማም ዘንድ አለች» ስትላት እሰማለሁ።

መዲና ወጣ ባለችበት ሲስተር ጠራችኝ። «የት ነው ያስቀመጥካት?» አለች።

ነገርኳት። «ጉድጓድ አያልበውም፣ ይማም?» አለች።

«ሲስተር፣ እኔ የማሽላ ገበሬ ልጅ ነኝ» አልኳት።

«ስለሆንክ ነው የጠየቅኩህ። ሄደህ አውጣት።»

አውቅ ነበር። አባቴ ጉድጓድ ሲከፍት ቶሎ አንገባም፤ ውስጡ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል፤ መብራት አውርደን ሳይጠፋ እስኪነድ እንጠብቃለን። ክረምት ከሆነ ግድግዳው ያልበዋል፣ ዳር ዳሩ ማሽላ ይሻግታል። ይህንን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀውን ነርስ ስለነገረችኝ ከፋኝ። ስለ ጓንትና ስለ ጎዝ ታዘኝ፤ ስለ ጉድጓድ ደግሞ? ለራሴም ሻማውን ቆጠርኩለት፣ ፌስታሉን ቆጠርኩለት፣ ገለባውን ቆጠርኩለት።

መሄድ አይቻልም ነበር አልልም። በገበያ ቀን ሰው በእግሩ መርሳ ይሄድ ነበር። እኔም ሄጃለሁ፤ ዘመድ ሞቶብኝ። አሊ ግቢ አድሬ፣ እዚያው ጉድጓዱ ላይ ቁርበት አንጥፈን ጫት ስንቅም ዋልን። ከበታቼ ነበረች። ጉድጓድ ቢከፈት ጎረቤት ያያል፣ ወሬው ይወጣል፣ ታጣቂ መጥቶ የአሊን ልጆች ቀለብ ይጭነዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አሊን አልጠየቅኩትም። ጠይቄው እንቢ ብሎኝ ቢሆን ዛሬ ይህንን አልጽፍም ነበር። ሳልጠይቀው ተነሥቼ መጣሁ።

የሲስተር ዘውዴ የስኳር መድኃኒት አለቀ። ከተማው ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ቀስ እያለች ደከመች። መዲና ሕፃኗን ይዛ እግሯ ሥር ትቀመጣለች፤ ሲስተር ተኝታም ጎማው ወለቅ ሲል ድምፁን ሰምታ ጣቷን ታነሣለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻችንን ሆንን።

«ከመርሳ ስትመጣ አወጣሃት?» አለችኝ።

«አወጣኋት» አልኩ።

«ደረቅ ናት?»

«ደረቅ ናት።»

ዓይኖቿን ጨፈነች። ተኛች ስል፣ «ታችኛውን መስመር አነበብከው?» አለች።

«አነበብኩት፣ ሲስተር።»

ቀለበቷን ነካች፤ ሥራ ስትጨርስ እንደምታደርገው። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ውኃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ቃሬዛዋን የተሸከምኩ እኔ ነኝ፤ በሰው ዘንድ ለዚህም ተመስግኛለሁ።

ከተማዋ ተለቅቃ መንገዱ ሲከፈት ዶክተር ብሩክ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመለሰ። ሀያት በአፏ መተንፈስ ለምዳ ነበር፤ ጎማው ቀርቷል። ግን ምግብና ትንፋሽ እየተሻሙባት አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዶክተሩ አይቷት ቶሎ ይደረግ አለ። እኔ ወደ መርሳ በረርኩ።

አሊና ልጆቹ ድንጋዩን ሲያነሡት ሙቀት ፊታችንን መታን። ሽታው ገና ከላይ ነገረኝ። ዳር ዳሩ ማሽላ ጠቁሮ ተያይዟል። እንስራው ከውጭ ላብ አውጥቶ ያብረቀርቃል። ፌስታሉን ስፈታ ሻማው ለስልሶ ለቆ ነበር። አሊ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አለች» አለ። እኔ ወደ ሰማይ ላነሣት አልደፈርኩም። መኪናው ላይ ወልዲያ እስክደርስ ጭኔ ላይ ይዣት ነበር፤ እንደገና ጠቅልዬ።

ኦፕሬሽን ክፍሉ ባዶ ነው፤ መስኮቱ መስታወት የለውም። ፀጉር ቤቱ ተዘግቷል፤ ሰሌዳው ግን ጥይት ቢያገኘውም አለ። ዓይኗን አነሣሁ። ነጭ ነው። ወተት ውስጥ እንደመመልከት። ትልቁ ጽሕፈት እንኳ የለም። ጠረግኳት፣ አየሁ። ፀሐይ ላይ ያዝኳት፣ አየሁ። ዶክተሩ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ወሰዳት፤ በመብራት አሞቃት፤ ከደሴ መልሶ ያመጣውን ካሜራና ቴሌቪዥን ገጠመ፤ የታየው ጉም ብቻ። ከውስጥ የመስታወቶቹ ማጣበቂያ ላልቶ ውኃው ከመሀላቸው ገብቷል፤ አይወጣም፤ አለ።

«አሮጌ ነበረች፣ ጋሽ ይማም» አለኝ፤ ትከሻዬን ያዘኝ። «ባይደብቋትማ ተዘርፋ ነበር።» ውዳሴው ያኔ ተጀመረ።

ልጅቱ አዲስ አበባ ድረስ የምትቆይ አልነበረችም። ዶክተሩ በዱሮው መንገድ፣ የአፏን ጣሪያ ቀድዶ አደረገላት። ዕቃ ያጠብኩ እኔ ነኝ። ፔርሙዝ አላስፈለገም።

መዲና በር ላይ ጠበቀችኝ። ልጇ እንደተረፈች፣ ግን ላንቃዋ እንደተቀደደ ዶክተሩ ነግሯታል። «ዓይኗስ? አለች አላልከኝም ነበር?» አለችኝ። በዚያች ቀን ብቻ ነው «አንተ» ያለችኝ፤ ከድንጋጤ የተነሣ ይመስለኛል። «ምን አገኛት?»

«ጦርነቱ ነዋ፣ ልጄ» አልኳት።

መዲና ጦርነትን ረገመች። እኔም አሚን አልኩ።

ዓመታት አለፉ። ሌላ ዓይን ተገዛ፤ አዳዲስ ወጣት ነርሶች መጡ፤ እኔ ጡረታዬ ደረሰ። ሀያት ለክትትል ስትመጣ እኔ ዕቃ ቤት ውስጥ ሥራ አገኛለሁ። ሌሎቹ፣ «ጋሽ ይማም፣ ልጅዎ መጣች» ይሉኛል። አፏን ከፍታ እንድታሳየኝ አንድም ቀን አልፈቀድኩላትም።

ከተሸኘሁ በኋላ መዲና ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ልትመርቀኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ደስ ብሏት ሣጥኗን አወረደችና አሳየቻት። መዲና አንብባ ጨረሰችና ቀና አለች።

«ይቺ ናት?» አለች።

«ናት» አልኩ። ከዚያ ባለቤቴ ፊት፣ ልጅቱ ፊት፣ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። የጉድጓዱን። ሲስተር አውጣ እንዳለችኝ። ላዩ ላይ ተቀምጬ እንደዋልኩ። ጦርነቱ ነው እንዳልኳት። ባለቤቴ፣ «ኧረ ተው፣ አንተ ምን ታደርግ ነበር» ማለት ጀመረች። መዲና ግን አልሳቀችም፤ አላቋረጠችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያምነኝ ሰው አገኘሁ።

«ሀያት፣ ነይ። አፍሽን ክፈቺላቸው» አለች።

ልጅቱ ፊቴ ቆማ አፏን ከፈተች። አየሁ። ጠባሳው እንደ ነጭ ክር ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳል። ላንቃዋ ጠብቦ ወደ ላይ ሾሏል። የላይኛው ጥርሷ ከታችኛው ጋር አይገናኝም። ዶክተሩ ያን ጊዜ ስለ ሐራው ልጅ የነገረን አንድም ሳይቀር። «ያማል?» አልኳት። «ሥጋ ሲሆን አይቆረጥልኝም» አለች፤ ልክ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት መዲናን።

መዲና ሻሿን አስተካከለች። «ሐቁ የኔ አይደለም፣ ጋሽ ይማም። የተቀደደው የኔ ላንቃ አይደለም። አድጋ ሲገባት እሷን ይጠይቋት።»

«እስከዚያ እኖራለሁ?»

«ይኑሩዋ» አለች። ቀጥላም፣ «የመጣሁት ለዚህ አይደለም። ማንኪያ ያምጡ» አለች።

በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ፣ ጠርጌ፣ ከሀያት አፍንጫ ሥር ያዝኩት። በቀኝ በኩል ደመናው ምስር ያህላል። በግራ በኩል የመርፌ ጫፍ። እናቷ ቤቷ እየለካቻት ከርማ፣ ከሳምንት ሳምንት ሲያንስባት አይታ ኖሯል የመጣችው። ግራው እየጠበበ ነው። ልጅቱ ደግሞ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ትፈራለች፤ የምታውቀው ሰው አብሯት ቢሆን ብላ ነው መዲና። ልብስዎን ይልበሱና ሆስፒታል አብረውን ይሂዱ አለችኝ።

ሄድኩ። ዶክተር ብሩክ ሲያየን፣ «ጋሽ ይማም፣ ጡረታው ሰለቸዎት እንዴ?» አለ። ልጅቱን አያት፤ በአዲሱ ዓይን፣ በአፍንጫዋ ገብቼ አሰፋዋለሁ፣ አሁን የሚቀደድ የለም፣ አለ። ቀን ተቆረጠላት። በቀኑ እጇን ይዤ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ድረስ አደረስኳት። ከዚያ ወዲያ የኔ ቦታ አይደለም።

ዕቃውን የምታጥበው አሁን ትዕግሥት የምትባል ልጅ ናት። በር ላይ ያዝኳት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከመስጠትሽ በፊት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አንሥተሽ ታችኛውን መስመር አንብቢው።»

«የፀጉር ቤቱን? ሁልጊዜ አነበው የለ፣ ጋሼ፤ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ።»

«ዛሬ ጮክ ብለሽ አንብቢው። እኔ እዚህ ነኝ።»

በሩ ተዘጋ። ከመዲና ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ የትዕግሥት ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ እንደ ተማሪ ልጅ፣ ቃል በቃል፣ «ከጧት እስከ ማታ ክፍት ነው» አለች።